የእንቁላል ነጭ የበላንበት ክረምት

ሰኔ 4

የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ጻፊ» አለችኝ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ክኒን ትሰጠኛለች ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ምክር ሰጥታ ሸኘችኝ። «ምን ልጻፍ?» ብላት «የመጣልሽን» አለች። የሚመጣልኝ ነገር ቢኖር አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ አልኩ፤ በሆዴ። በአፌማ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ነው የወጣሁት።

ይኸው እየጻፍኩ ነው። ደብተሩ ልጄ ባለፈው መጥታ ስትሄድ የረሳችው የሥዕል ደብተር ነው። መስመር የለውም። ከግራ ስጀምር ደህና ነኝ፤ ቀኝ ጋ ስደርስ ቁልቁል ወርጃለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያለቀው። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር እሠራበት በነበረው ሆቴል ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ፣ በአንሶላ ጠርዝ ላይ የክፍል ቁጥር ብቻ ነው። ሻዬ ቀዘቀዘ። ለዛሬ ይብቃኝ።

ሰኔ 9

ልጄ መጣች። አንድ ሻንጣ፣ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ሳንቃ። የታክሲው ሹፌር ሳንቃውን ሲያወርድ ወገቡን ይዞ «በር ነው እንዴ?» አለ። «አይደለም፣ እናቴ ናት» አለችው። ሹፌሩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ክረምቱን እዚህ ልትሠራ ነው። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፈታኞቿ ፊት ትቀርባለች፤ ካለፈች ዶክተር ናት። ምን እንደምታጠና ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ እደናበራለሁ። መጀመሪያ ሥዕል ተማረች፤ ጎበዝ ነበረች። ከዚያ ደግሞ የሥዕል ታሪክ ልማር ብላ ተነሣች፤ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ጣልያን አገር የተሣሉትን፣ የህዳሴ ዘመን የሚሏቸውን። ይኼን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ ስነግራት፣ «ምግብ ማብሰል ተምራ ስታበቃ፣ የሞቱ ሰዎች ምሳ ምን ነበር ብላ የምትጽፍ ማለት ነው» አለች። ሳቅኩ። ልክ ሳትሆን አትቀርም ብዬም አሰብኩ። ለልጄ ግን አልነገርኳትም።

ልጄ እንደምትለው፣ እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሠሩት ለማወቅ በእነሱ ዘዴ መሥራት ያስፈልጋል። ሳንቃው ለዚያ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፏ ጋር አብሮ ይቀርባል። ምን እንደምትሥልበት እራት ላይ ጠየቅኳት።

«እመቤታችንን» አለች። «የሞተ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ።»

ጨው አነሰው ብዬ ወደ ጓዳ ሄድኩ። አላነሰውም ነበር።

ከመተኛቴ በፊት ሆስፒታሉ የሰጠኝን ፌስታል ከትራሴ ሥር አውጥቼ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ኋላ አስቀመጥኩት። ልጄ አልጋ ማንጠፍ ትወዳለች፤ እንዳታየው።

ሰኔ 12

ሞዴል ሆንኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ።

«እማዬ፣ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ።»

«ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። እሱን ነው የምለምንሽ።»

ወንበር ላይ አስቀምጣ አንሶላ ጭኔ ላይ ጣለችብኝ። ጣለችብኝ ስል ጣለችብኝ ነው፤ አጣጥፋ አይደለም። ከዚያ ራቅ ብላ መንደፍ ጀመረች። እኔ እንኳን ሳላስበው እጄ ሄዶ አንሶላውን መዳመጥ ጀመረ።

«እማዬ! ጨርቁን አታስተካክዪው!»

«ተጨማዶ እኮ ነው።»

«የምሥለው መጨማደዱን ነው!»

ይኼ እንግዲህ ትምህርት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሽብሽብ ሳጠፋ ኖርኩ፤ ልጄ ሽብሽብ ለማየት ዩኒቨርሲቲ ገባች።

ሰኔ 13

አንሶላውን ስላየሁት አላስቻለኝም። ተኮስኩት። ጠዋት ተጣላችኝ።

ሰኔ 16

የእንቁላል ነገር። ቀለሙ በአስኳል ነው የሚበጠበጠው። እንቁላሉን ሰብራ ነጩን ወደ ሳህን ትለቀዋለች፣ አስኳሉን ከአንድ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጠች ታደርቀዋለች፣ ከዚያ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጋ ይዛ በመርፌ ትወጋዋለች። ውስጡ ይፈስሳል፤ ቆዳው ጣቷ ላይ ይቀራል። ማየቱ ደስ ይላል። ነጩ ግን ይተርፋል፤ ነጩን ማን ይበላል? እኛ። ጠዋት ነጭ፣ ማታ ነጭ። ትንሹ ቢኖር ኖሮ አይተርፍም ነበር።

ትንሹ ወንድሟ ነው። ታናሽ ስለሆነ እንዲያ ብለን ቀረን እንጂ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር። ባለፈው ጥር ነው ያጣነው።

ዛሬ ገበያ ስወጣ «እማዬ፣ የገጠር ዶሮ እንቁላል ፈልጊልኝ» አለችኝ። ለምን ብላት፣ የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ለወጣት ፊት የከተማ ዶሮ እንቁላል፣ አስኳሉ ነጣ ያለውን፣ ላረጀ ፊት ደግሞ የገጠሩን፣ ቢጫው የጠቆረውን ይጠቀሙ ነበር አለችኝ።

«እመቤታችን አርጅታ ነበር እንዴ?»

«ሞዴሏ ናት» አለች።

የከተማውን ገዛሁ። የገጠሩ አልቋል አልኳት።

ሰኔ 20

ዛሬ ልብስ ላሰጣ ጓሮ ወጥቼ በመስኮት ድምጿን ሰማሁ። ስልክ ላይ ናት፤ ከፕሮፌሰሯ ጋር።

«አይ ፕሮፌሰር፣ ጥያት መሄድ አልችልም። . . . አትተኛም። ሌሊት ስነቃ ግድግዳ እያጠበች ነው የማገኛት። . . . አውቃለሁ፣ ዘንድሮ ካልቀረብኩ ቦታዬ ይሰረዛል። ቢቀር ይቀራል። እዚህ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል አስተምራለሁ።»

የልብስ መቆንጠጫ በአፌ ይዤ ነበር። እንደያዝኩት ቆምኩ። ዝናብ ጀመረ፤ ያሰጣሁት ሁሉ ረጠበ።

ሰኔ 21

ከዛሬ ጀምሮ ደህና ነኝ።

ሰኔ 25

ደህንነቴ በጥሩ ሁኔታ እየሄደ ነው። የከንፈር ቀለም ገዛሁ። ሻጯ «ለምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?» ብትለኝ «ለቤት» አልኳት። ጠዋት ስነሣ አንጎራጉራለሁ። ግጥሙ ስለማይያዝልኝ አንዱን ስንኝ ደጋግሜ እለዋለሁ። ልጄ ከክፍሏ ብቅ ብላ አይታኝ ተመለሰች።

ሌሊትም ግድግዳ አላጥብም። አልጋዬ ላይ ሆኜ ጣራውን አያለሁ። ጣራው መታጠብ አለበት።

ሐምሌ 1

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ከንፈሬን አየች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልታገቢ ነው እንዴ?»

«ደህና ሆኛለሁ።»

«ደህንነትማ እንዲህ ከሆነ ሕመምሽ ይሻለን ነበር። ትላንት በራዲዮ የዜና ሰዓት ብቻሽን ስትስቂ በግድግዳው ሰምቼሻለሁ። ዜናው የጎርፍ ነበር እኮ!»

የቀልድ ፕሮግራሙ የጀመረ መስሎኝ ነው። ከጓዳ ሆኜ ምን በደንብ ይሰማኛል? ልጄ እንድትሰማኝ እንጂ እኔ ልስማ ብዬ አልከፈትኩት።

ሐምሌ 3

ዛሬ ከአንሶላው ሥር አንድ ከረጢት ዱቄት ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ክብደት ከሌለው ጉልበቴ አያምንም አለች። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከፍታ አሳየችኝ። ከእነዚያ ሥዕሎች አንዱ ነው። «ልብ ብለሽ እዪ» አለችኝ። «አንዲት ሴት ትልቅ ሰው ጭኗ ላይ ልትይዝ አትችልም፤ ይወድቃል። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ አታለሉ። ቀሚሷን በጣም አሰፉት፣ ጉልበቷን ከሥሩ አገዘፉት። ይቺ ሴትዮ ብትነሣ ከሁሉም ትረዝማለች። ግን ስታዪው አይታወቅሽም።»

አየሁት። እውነት ነው፣ አይታወቅም። ይይዛል ብለሽ ታምኛለሽ።

«አንቺ ትንሹን ይዘሽው ታውቂያለሽ? ማለቴ ካደገ በኋላ» አለችኝ፤ እርሳሷን እየቀረጸች፣ ሳታየኝ።

ቀልድ ነገርኳት። አንድ ሰውዬ ሱሪውን ላውንደሪ አምጥቶ ኪሱ ውስጥ የተረሳ ቅቅል እንቁላል ያገኘንበትን። አልሳቀችም። ከዚህ በፊት ነግሬያታለሁ መሰለኝ።

ሐምሌ 9

ልጄ ጽሑፏን ለፕሮፌሰሯ ልታሳይ ሄዳለች። ነገ ትመለሳለች። ለመሄድ አልፈለገችም ነበር፤ እያንጎራጎርኩ በር ድረስ ሸኘኋት።

ዝናቡ አላቆመም። በስተሰሜን ያለው ግድግዳ ጥግ ሻግቷል። ሻጋታ ባየሁበት አልተኛም፤ በኮምጣጤ አጠብኩት። ከዚያ ሳንቃው ትዝ አለኝ፤ እሱም እዚያው ግድግዳ ተደግፎ ነው ያለው። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረግኩ። ፊቴ አረንጓዴ ሆኗል። እጄም። ጭኔ ላይ ያለው ልጅማ ከራሱ እስከ እግሩ።

ሻግተናል።

ሐምሌ 9፣ ማታ

እጄ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ሁሉንም ልጻፈው፤ ነገ ስትመጣ ምን እንደምላት እንዳይጠፋኝ።

በሥራ ዘመኔ ሻጋታ የመጣበት ልብስ ሁሉ ወደ እኔ ነበር የሚመጣው። «ለእሷ ስጧት፣ ታስለቅቀዋለች» ይሉ ነበር። ስለዚህ አልተደናገጥኩም። ኮምጣጤውን በለብ ያለ ውኃ አቀጠንኩ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አመጣሁ፣ ከራሴ ፊት ጀመርኩ። አረንጓዴው ወዲያው ለቀቀ። ከሥሩ ያለው ነጭ ትንሽ አረፋ አወጣ። ላውንደሪ ቤት አረፋ ጥሩ ምልክት ነው። ቀጠልኩ። በራሴ ፊት ላይ ብዙ አልቆየሁም።

ልጁ ጋ ስደርስ ግን ዘገየሁ። ውኃውን ቀየርኩ፤ ሙቀቱን በክንዴ ሞከርኩ። ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ ከአገጩ ሥር። ክንዱን ከትከሻው እስከ ጣቶቹ። ደረቱን። እግሩን በየጣቱ መሃል። ለሳንቃ እንዲህ ይደረጋል እንዴ? ደንበኛ ቢያየኝ ኖሮ በሰዓት ነው የምትከፈይው ይል ነበር። እጁን ሳጥብ የሆነ ነገር እያወራሁ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላስታውስም። ሲያልቅ በደረቅ ፎጣ መታ መታ አድርጌ አደረቅኩት።

ጥር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላደረግኩም። የሆስፒታሉ ሰዎች ናቸው ሁሉን ያደረጉት። እኔ ዋናው ሐኪም ሊጎበኘው ነው ስላሉኝ ንጹሕ ልብስ ላምጣ ብዬ ወደ ቤት ሄጄ ነበር፤ የተኮስኩትን ሸሚዝ በክንዴ ይዤ ስመለስ አልጋው ተነጥፎ ነበር የቆየኝ።

ለማንኛውም ሻጋታው ለቋል። ሳንቃው ነጭ በነጭ ሆኗል። ልጄ ደስ ይላታል።

ሐምሌ 10

ደስ አላላትም።

ሐምሌ 11

መጻፍ ያስጠላል፤ ግን ማን አለኝ?

ትላንት ከነጃኬቷ ሳንቃው ፊት ቆመች። እኔ ኋላዋ ቆሜ ምስጋና እጠብቃለሁ፤ ሞኝ። «ሻግቶ ነበር» አልኳት። «ወደ ግድግዳ ማስጠጋትሽ ነው። አሁን ሁሉም ለቋል።»

ዞር ብላ አየችኝ። መጀመሪያ የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ አረንጓዴው መሠረቱ ነው። ሰው የሚመስለው እኮ ከሥሩ አረንጓዴ ሲኖር ነው! መጀመሪያ አረንጓዴ ይቀባል፣ ከዚያ በላዩ ሮዙ ይመጣል። እነሱ እንዲህ ነው የሠሩት። አንድ ወር ሙሉ እኔም እንዲህ ነው የሠራሁት!»

ጣቷን ሳንቃው ላይ አሳለፈች። ነጩ እየተፈረፈረ ወደቀ። ጠመኔና ሙጫ ነው ለካ፤ ኮምጣጤ ጠመኔን ይበላል።

«ይቅርታ» ልል አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነገር ነው። «መቼ ነግረሽኝ?» አልኩ።

ያን ጊዜ ጮኸች። ጥር ላይ ያልጮኸችው ልጅ፣ ቀብሩ ላይ ወንበር ስታደላድል፣ እንግዳ ስታስተናግድ የዋለችው ልጅ።

«ሁሉን ነገር ታጥቢያለሽ! በመጣሁ ቀን ክፍሉ ገባሁ። ልብሱን፣ አንሶላውን፣ ትራሱን፣ መጋረጃውን ሳይቀር አጥበሽ አጥበሽ የሳሙና ሱቅ አስመስለሽዋል! አንድ፣ አንድ ነገር እንኳን እሱን እሱን የሚሸት ቤቱ ውስጥ የለም! አሁን ደግሞ ይኼን!»

በሩን ዘጋች። በግድግዳው በኩል የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ድምፅ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እየሰማች ነው። ጆሮ እንጂ ልብ የላትም ብዬ በእሷ ላይ ተናደድኩ። በሌላ በማን ልናደድ?

ፌስታሉ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። አልሰጠኋትም። አንድ ብቻ ነው ያለኝ።

ሐምሌ 14

ቤቱ ዝም ብሏል። አላንጎራጉርም። የከንፈር ቀለሙን ሳይቀንስ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት። «ኮምጣጤ እንዳይነካው» አለችኝ። ይቺን ሴት አንድ ቀን አንቃታለሁ።

ወጥታ በር ላይ ስትደርስ ግን ተመልሳ «ልጅቷ ዕቃዋን ልትሰበስብ ነው ወይስ ልትቀር?» አለችኝ።

«ልትቀር ነው» አልኩ።

«ወይ ጉድ» አለች። ቀልድ አልጨመረችም።

ሐምሌ 17

ልጄ ሳንቃውን ፍቃ ፍቃ እስከ እንጨቱ አወረደችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ሙጫ ጣደች። ቀስ ብዬ ገብቼ ማማሰያውን ከእጇ ወሰድኩ። አልከለከለችኝም። ጠመኔውን እሷ ትነፋለች፣ እኔ አማስላለሁ።

«ለምን እንደገና ትጀምሪያለሽ? ቀርቷል አላልሽም እንዴ?» አልኳት።

«የት ሰማሽ?»

«በመስኮት።»

«ጆሮሽ ይህን ያህል ደህና ከሆነ ለጎርፍ ዜና ምን ያስቅሻል?»

እየሳቅን አልነበረም፤ ግን ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጠመኔውን እየነፋች፣ «እማዬ፣ ስታለቅሺ አልፈራም» አለች። «ስታንጎራጉሪ ነው የምፈራው። አንቺ በሕይወትሽ አንጎራጉረሽ አታውቂም። ጆሮዬን ከበርሽ ላይ አላነሣሁም። በዚህ ዓይነት ጥዬሽ እንዴት ልሂድ?»

እንግዲህ ጉድ በሉ። እሷ እንድትሄድ ደህና ስሆን፣ ደህና በመሆኔ እየያዝኳት ነበር። ሰላሳ ዓመት በጎማ ጓንት የደከመች እጅ እንጂ ጭንቅላት አልነበረኝም ማለት ነው።

ሙጫው ሊያርርብኝ ነበር። «አማስይ!» አለችኝ።

ሐምሌ 24

አረንጓዴው ገብቷል። ፊቴ እንደገና ሻግቷል። ከሳንቃው አጠገብ ሳልፍ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው።

አሁን የቀረው የጨርቁ ነገር ነው። ልጁ የተኛበት ጨርቅ። ልጄ አንድ ቀን ሙሉ ስትጥልና ስታነሣ ዋለች፤ አንሶላ፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ መጋረጃ። ሁሉም ተንሸራቶ ቀጥ ይላል።

«ምንድን ነው ያደረግሻቸው?»

«ምንም። ጥሩ አድርጌ ነው የተኮስኳቸው።»

«ሰው ለብሶት የሰነበተ ጨርቅ ነው የምፈልገው። ገላ ገብቶበት የወጣ። በዚህ ቤት አንድም የለም ማለት ነው?»

 ጓዳ ገባሁ። ከጓዳ ወጣሁ። እንደገና ገባሁ።

ሐምሌ 24፣ ማታ

ሰጠኋት።

ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ «ይኼ አልታጠበም» አልኩ። አፉ በሆስፒታሉ ሰዎች እንደተቋጠረ ነበር። ልጄ አይታኝ አይታኝ ፈታችው። የመጨረሻ ቀን ለብሶት የነበረው ነው፤ ሰማያዊው ሸሚዝ፣ እንደወለቀ ተጠቅልሎ።

ፊቷን አስገባችበት። ብዙ ቆየች። ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ከዚያ ወሰደችብኝ፤ ከዚያ ሰጠችኝ። ደግሞ ሽቶ እንዳይመስል። ላብና የሆስፒታል መድኃኒት ነው። ከደንበኛ ቢመጣ ኖሮ በሁለት ጣቴ ነበር የማነሣው።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ ነበረሽ» አለችኝ።

«ነበረኝ።»

«ደብቀሽኝ።»

«አዎ። እንዳያልቅብኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩን አመጣች፤ ተቀመጥኩ። ሸሚዙን ጭኔ ላይ ስታደርገው አልጣለችውም፤ በሁለት እጇ ነው ያስቀመጠችው። የዱቄቱን ከረጢት ልታመጣ ሄደች።

«ተዪው» አልኳት። «ይከብዳል።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ብቻ፣ አልቅሼ አልቅሼ አፍንጫዬን ልጠርግ እጄን ሳነሣ «እማዬ፣ እጅሽን መልሺ፣ አትነቃነቂ» አለችኝ። እሷም ዓይኗን በክርኗ እየጠረገች ትነድፋለች። እንዲህ ያለ ጨካኝ ልጅ ነው የወለድኩት። ወረቀቱ ረጥቦ ሁለት ጊዜ ቀየረችው።

እጄ አንድ ጊዜ እንኳን ሸሚዙን ሊዳምጥ አልሄደም።

ሐምሌ 28

ተኛሁ። ልጄ ቀስቅሳኝ «ሰዓቱን ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ምሳ ሰዓት ነበር። አፍሬ ተነሣሁ።

ነሐሴ 6

ትሠራለች። ብሩሹ ከሽፋሽፍት አይወፍርም፤ ጭረት በጭረት። ፊቴ ላይ ሮዙ መጣ። ለዚህ ለዚህ የገጠሩን እንቁላል አመጣሁላት። «አልቋል አላልሽም?» ብትለኝ «ዶሮዎቹ ተመለሱ» አልኳት።

ልጁ ላይ ግን ሮዝ አላደረገችም። «እሱስ?» አልኳት።

«የሞተ ሰው ላይ አይደረብም። አረንጓዴው እንዳለ ይቀራል። እነሱም እንዲህ ነው ያደረጉት።»

ጥሩ፣ አልኩ። ነጩን ጠበስኩ፣ በላን።

ነሐሴ 13

«ልሄድ ነው» አለችኝ ሳህን እያጠብን። «ለፕሮፌሰር ደውያለሁ።»

«መንገዱን ታውቂዋለሽ» አልኳት።

«ማታ ማታ ምን ትሆኛለሽ?»

«አለቅሳለሁ። ከዚያ እተኛለሁ። አንዳንድ ቀን ግድግዳ አጥባለሁ።»

ይኼን ስላት ደስ ብሏት ሳህን ጣለች። ሰዎች ሊሰሙት የሚፈልጉት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ነሐሴ 19

ሄደች። ሳንቃው በሁለት ብርድ ልብስ። ያው ሹፌር መጣ። «በሩ መጣ!» አለ። ልጄ ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ሳንቃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ሲጭነው ወገቡን አልያዘም።

ሸሚዙን ልትተውልኝ ነው ወይስ ልትወስደው ብዬ አልጠየቅኳትም። ክፍሏ ስገባ ወንበሩ ላይ አገኘሁት፤ ስትሥለው እንዳስቀመጠችው፣ እጥፋቱ እንዳለ። ፌስታሉ ከጎኑ አለ። መልሼ ልቋጥረው ብዬ ነበር። በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ነሐሴ 27

ደወለች።

«እማዬ፣ አለፍኩ።»

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ነበረች፤ ከእኔ ቀድማ እልል አለች። ከእንግዲህ የዶክተሯን ልብስ በነጻ ልትሰፋ ነው። ዝም በይ ብዬ ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

አንዱ ፈታኝ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መነጽሩን አውልቆ ሳንቃው ላይ ተደፋ አለችኝ። ጨርቁ ላይ አንድ ነገር አይቶ ነው። ከልጁ ክንድ ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ። አራት ቀዳዳ ያላት።

«ቁልፏን ሣልሻት?»

«ሣልኳት። ክሯንም።»

ክሩ ቡናማ ነው። ነጭ ክር አልቆብኝ፣ ማን ያየዋል ብዬ በቡናማ የሰፋሁት ነው። ያ ሳንቃ እንደነዚያ ሰዎች ሳንቃ አምስት መቶ ዓመት ቢቆይ የእኔ ስንፍና አምስት መቶ ዓመት ሊታይ ነው።

«ፈታኙ ምን አለሽ?»

«‹ይህ ቁልፍ የዚያ ዘመን አይደለም፤ ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለሽ ነው?› አለኝ። ሆን ብዬ ነው አልኩት። ሸሚዙ የወንድሜ ነው፣ ቁልፏን የሰፋችው እናቴ ናት አልኩት።»

«እሱስ?»

«ወረቀቱ ላይ ጻፈ።»

«ምን ብሎ?»

«እኔ እንጃ እማዬ፤ ፈታኝ የጻፈውን ለማን ያሳያል?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላም ስልኩን ቶሎ አልዘጋነውም።

ልብስ ሰፊዋ ከሄደች በኋላ ራበኝ። እንቁላል ሰበርኩ። እጄ ለምዶበት ነጩን ወደ ሳህኑ ለቅቆ አስኳሉን መዳፌ ላይ አስቀረ፤ ወደ ሌላው መዳፌ ላገላብጠው ስል ነው የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ቆምኩ። ከገጠሩ ነው፣ ቢጫው የጠቆረ። ትንሽ ነገር ሆኖ መክበዱ ገረመኝ።

መጥበሻው ሲግል ከነጩ ጋር ጨመርኩት። ሙሉውን በላሁ።